ጣትህ ይሞቃል ወይ?

ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ መስኮቱ ተበየደ፤
ከሥሩ ቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ወረደ።
አንድ ስልክ፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር፤
ትርፍ የፈቃድ ቅጽ አጥፌ ሥሩ ባልወትፍ ኖሮ በወደቅኩ ነበር።

ሥራዬ መደወል ነው። ሌላ ነገር አልልም፦
"ጣትህ ይሞቃል ወይ?" ሰላምታም አላስረዝም።
ቀለሙ ምን ይመስላል? ሲነኩት ያምሃል?
ጥፍሩን ስትጫነው ነጥቶ ይመለሳል?

አጀማመሩ እንዲህ ነው።
ዶክተር ንግሥቲ አንድ ሌሊት የልጅ እጅ ቆርጣ፣
ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣
እናቱን ጠየቀቻት፦ "ማን ነው ያሰረለት?"
"ጋሽ ወርዶፋ፣ ወጌሻው፣ ከሠንጋ ተራ በታች" አለቻት።

በማግስቱ ሄደች። ልትሰድብ ነው የሄደች።
ሰድባም ተመለሰች።
ከዚያ ሳምንት ዝም አለች።
"ደጃቸው አሥራ አራት ሰው አለ። የእኛ ራጅ ወረፋው ሦስት ቀን፣ የእሳቸው እጅ አንድ ሰዓት፤
ስድቡ ይቅርና ያቺን እጅ ላጥናት።"

ጋሽ ወርዶፋ ሲመጡ ቀርከሃ በብብታቸው፣
ዘበኛው "ዱላ አይገባም" ብሎ ከለከላቸው።
"ዱላ አይደለም ልጄ፣ የክንድ ማረፊያ ነው።"
አልሰማም፤ ከነፌስታሉ ጥግ አቆመው።

እሷ ራጁን ስታይ፣ እሳቸው ዓይናቸው ደክሟል፤
ጨፍነው ዳሰሱ፦ "እዚህ ጋ ተሰንጥቋል፤
እዚህ ደግሞ ጫፍ በጫፍ ላይ ወጥቷል።"
ራጁም እንደዚያው ይላል።
ሦስተኛው ታማሚ ላይ ሳቱ፤ ስብራቱን ወለምታ አሉት።
አራተኛው ላይ እሷ ሳተች፤ ፊልሙ ያልያዘውን ጅማት
እሳቸው በአውራ ጣታቸው አገኙት።
ሁለቱንም ስህተት ጻፍኩ፤ ለዚህ ነው የምከፈለው።

ስጽፍ አንዳንዴ ጣቴ ይስታል፤
"አጥንት" ልል "ጥናት" ይሆናል፣ "ጥናት" ስል "አጥንት" ይወጣል።
አንዳንዱን አላርመውም።
ውጭ አጥንት ይቆጠራል፣ ማን ከማን ተወለደ ተብሎ፤
እዚህ ሁለት መቶ ስድስት ነው፣ ለሁሉም እኩል ተከፍሎ።

የተጣሉት በቋጠሮው ነው። ሦስት ወር በቋጠሮ።
"አጥንት እኮ እንደ ጥጃ ነው" አሉ፣ "ካላሰሩት ይጠፋል።"
"ሥጋም እንደ እሳት ነው" አለች፣ "አየር ካጣ ይጠፋል።"
መፍትሔው የማናቸውም አይደለም። ልጇን ያዘለች አንዲት ሴት
"እንደ አንቀልባዬ አድርጉት" አለች፣ "ሲጠብቅ እኔ የምፈታት።"
አሁን አምስቱም ጣት ውጭ ነው፤ ቋጠሮው በአንድ ጉተታ ይላላል፤
ይህን ለማወቅ ሁለት ሊቅ ሦስት ወር ፈጅቶባቸዋል።

ሃያ ሁለት ቁጥር፦ "ይሞቃል፤ ትናንት ብይ ሲጫወት ያዝኩት።"
ሠላሳ ቁጥር፦ "እትዬ፣ ጣቴስ ሞቋል፤ ቤቱ ነው የበረደኝ፣ ቆርቆሮውን ነፋስ ወሰደው፣ ለማን ልንገረው ይህን?"
(ለዚህ መልስ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።)
አሥራ ዘጠኝ ቁጥር፦ ቢያድግልኝ፣ ሰባት ዓመቱ፣
ከአጥር የወደቀ፣ ግራ ክንዱ፤ ስልኩ የአክስቱ።
"የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም።"
አራት ቀን ሙሉ ይህችው ሴትዮ፤ ሌላ ሰው አያነሣም።
ዶክተር በትከሻዬ አየች፦ "ሰባት ቀን ከሞላ
'ጠፋ' ብለሽ ሙዪው፤ የጥናቱ ቃል ነው፣ የለውም ሌላ።"

ጠፋ።
እንደ ጥጃው ነው ወይስ እንደ እሳቱ?
ሠንጠረዡ አይለይም፤ አንድ ሳጥን ነው ለሁለቱ።

ጋሽ ወርዶፋ ተነሡ፣ ጉልበታቸውን በመዳፍ ተጭነው፤
(የሰው ጉልበት ሲጠግኑ የራሳቸው ያለቀ ነው።)
"ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ጌጃ ሰፈር ነው፣ እሄዳለሁ።"
ሊፍቱ አይሠራም፤ ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወርዱ ሰማሁ።
በመስኮቱ አየኋቸው፤ ቀርከሃቸውን ከዘበኛው ተቀብለው
በታክሲዎቹ መሃል ሲሻገሩ፣ አንድ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው።

ብዕሬን ከደንኩ። ሳጥኑን ባዶ ተውኩት።
የራሴን ጥፍር ተጫንኩ። ነጣ።
ቆጠርኩ፦ አንድ፣ ሁለት።